ትንፋሽዎን ይያዙ

ሐኪሟ ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን አላሳረፈችም። ሦስት ሳምንት የከረመባትን ሳል ዋጥ አድርጋ፣ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በልብስ ሰፊው ሽማግሌ ጎን ላይ ለጠፍ አደረገች። በሳንባው ዙሪያ የተቋጠረው ውሃ ዛሬም ስክሪኑ ላይ ደፍርሶ፣ ሸረሪት ያደራበት ይመስል ክር ክር ብሎ ታየ፤ መግል ነው። ትናንት ከዚያው በመርፌ የቀዳችላቸው ውሃ ግን ኩልል ያለ ነበር። ላቦራቶሪውም የውሃው ስኳሩም አሲዱም ደህና ነው፣ ጀርም የለበትም ብሎ መልሷል።

«ደግሞ ልትወጊኝ ነው?» አሉ ሽማግሌው። «ዕድሜዬን ሙሉ የወጋሁት ጨርቅ ሁሉ ብድሩን በአንቺ እጅ መለሰ እኮ!»

«አባባ፣ ቀልዱን ይተዉና ትንፋሽዎን ይያዙ።»

ጉንጫቸውን ነፍተው ያዙ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሳንባ ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን ቀጠለ።

«አይተንፍሱ አልኩ እኮ!»

እሳቸው ዐይናቸው እስኪፈጥ ድረስ ይዘዋል። በዚህ መሀል እሷን ሳሏ አመለጣት። ሦስቴ ሳለች፤ ስክሪኑ ላይ ሳንባው ሦስቴ ዘለለ።

ሽማግሌው አልቻሉም፤ እንደ ወናፍ መተንፈስ ጀመሩ። «ልጄ፣ ከእኔስ ያንቺ ይብሳል» አሉ።

ሐኪሟ መሣሪያውን ከጎናቸው ሳታነሳ፣ ቀስ ብላ የራሷን ትንፋሽ ያዘች።

ሽማግሌው አሁንም ያለከልካሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሳንባው ቀጥ አለ።