የአባባ ጆሮ

«አንድ ሰው ማሽን የምትፈታዋን ልጅ ቤት እያጠያየቀ ነው አሉ!» ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ወሬውን ከጠዋት ጀምሮ ለሦስተኛ ጊዜ በአጥሩ ላይ አቀበሏት።

«ያጠያይቃ! ታፔላ ልትከልለት እንዴ?» አለች ሐመልማል። ምላሷ ቢደፍርም ፈጥና ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ያልታሸገ፣ ማለትም በአምራቹ ያልተቆለፈ ፕሮግራም ቤት ውስጥ መያዝ ማሳሰር ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። የታሸገው ደግሞ በአምስት ዓመቱ ራሱን ያጠፋል። ጆሯቸው የማይሰማው አባቷ የሚሰሙበት ማዳመጫ እንዲያ ዝም ሲል፣ ማንም ያላስተማራት ሐመልማል ከበይነመረብ ማኅበርተኞቿ እየለቃቀመች በስምንት ወር አዲስ ፕሮግራም ጻፈችለት። ማኅበርተኞቹ በመልክ አይተዋወቁም፤ ደንባቸው ግን የሠሩትን ማካፈል ነው። እሷ ጉራዋን ነዛች እንጂ ሥራውን አላካፈለችም። «ገና አላማረም፤ ስህተት ለቅመው ይስቁብኛል» አለች።

በሩ ተንኳኳ።

«እኔ እከፍታለሁ፣ ልጄ» ብለው አባቷ ተነሱ።

«ይቀመጡ፣ አባባ!» ስልኳን አንስታ ያላትን ብቸኛ የፕሮግራሙን ቅጂ፣ ከዚያም ማዳመጫው ውስጥ ያለውን አጠፋች። በሩ እንደገና ተንኳኳ። አባቷ ቀና እንኳ አላሉም።

ደጃፉ ላይ አቧራ የለበሰ ወጣት ቆሟል።

«ፈታሽ ከሆንክ ግባና ፈትሽ፤ ጫማህን ግን አውልቅ» አለችው።

«ኧረ ፈታሽ አይደለሁም፣ እህቴ። ከማኅበሩ ነኝ። የበይነመረቡን መስመር ስላላመንኩት ራሴ መጣሁ። የጆሮውን ፕሮግራም እንድትሰጪኝ ነው፤ እናቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አትሰማም።»