ድንጋይ የተሸከመው ተከሳሽ

ምስክር ሊሰማ ስማቸው እስኪጠራ ድረስ፣ እናኑ በፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ለዳኛው የምትናገረውን በልቧ ታሰናዳ ነበር። ጎረቤቷ አንዷለም ወሰን አልፎ ሁለት ትልም አርሶባታል። ከሰው ምስክር ሁሉ በላይ የምትተማመነው ግን በመሬት ድልድሉ ጊዜ በተተከለው የወሰን ድንጋይ ነበር። ቀና ስትል አንዷለም ጋቢውን አደግድጎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ በበሩ ገባ። መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«አጥፍቻለሁ፣ እትዬ እናኑ። ስለ እግዜር ብለው ይማሩኝ። ትልሙን እመልሳለሁ።»

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንን ሰው በአገሩ ወግ ፊት አይነሱትም። እናኑ ቂሟ እንኳ ገና ሳይበርድላት እጇን ልካ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደችው። ያን ጊዜ ሟች ባሏ በኖራ የቀባውን ምልክት አየች።

«አንተ! ይኼ ወሰናችን አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ! የበደልኩት እሱን አልፌ ነው፤ ሌላ ድንጋይ ብሸከም ምኑን ይቅርታ ሆነ?»

«ታዲያ አሁን ወሰናችንን በምን ልናውቀው ነው?»

አንዷለም ድንጋዩን አየና እጁን አናቱ ላይ ጫነ። እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ተከተላት። የችሎቱ ሠራተኛ ወጥቶ ስማቸውን ሲጠራ ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ታርቀናል፣ መዝገቡ ይዘጋልን» አለች እናኑ፣ ድንጋዩን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እሱ ይዘው እየተነሱ። «ብቻ ቶሎ በሉልን ጌታዬ፣ ዝናቡ ድንጋዩ የተነቀለበትን ጉድጓድ ሳይደፍንብን።»