አርባ ኪሎ የሚችል ክር

ሰብሌ ወደ ዘውገ ሱቅ የገባችው የቅዳሜ ገበያ ከተበተነ በኋላ ነው። ባሏ ደሳለ ተከዜ ውስጥ ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ ነበር፤ ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም።

«ጋሼ ዘውገ፣ የዓሣ ክር አለዎት?»

ዘውገ የያዘውን መዶሻ አስቀመጠ። ላሊበላ ላይ የዓሣ ክር የሚሸጠው እሱ ብቻ ነው። ሚስማርም፣ ቀለምም፣ የበር ቁልፍም ይሸጣል፤ ኩራቱ ግን ክሩ ነው። በጉብዝናው ዘመን ራሱ ያጠምድ ስለነበር፣ ክር የጠየቀውን ሰው ሁሉ ዕቃውን ከማውጣቱ በፊት ሳይመክር አይለቅም።

ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። እዚህ በዘንግ የሚያጠምድ የለም፤ አጥማጁ ክሩን እጁ ላይ ጠምጥሞ ቋጥኝ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አሥር ኪሎ የሚችለው ይበቃዋል። ትልቅ አምባዛ ከመጣ ክሩ ይበጠሳል፣ ዓሣው ይሄዳል፣ ሰውየው ቤቱ ይገባል። አርባ ኪሎ የሚችለው ግን አይበጠስም። ያን ጊዜ የሚሄደው ሰውየው ነው።

ደሳለ የሄደው በአርባው ነበር። ክሩን የሰጠው ባልንጀራው አረጋ ነው፤ ለአረጋ የሸጠለት ደግሞ ዘውገ። ያን ቀን ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ምክሩን ሳይነግረው ቀረ። ይህን ለንስሐ አባቱም አልተናገረም።

ከተማው ጥፋቱን የጣለው አረጋ ላይ ነው። የአረጋም አኳኋን ነገሩን አባሰው። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሰላም ማለት ትቷል። ባለፈው ሳምንት በሱቁ በር ሲያልፍ ዘውገ ከባንኮኒው ጀርባ እጁን አንሥቶለት ነበር፤ አረጋ ፊቱን እንኳ ሳያዞር ግንቡን በእጁ እየታከከ አለፈ። በደል ያለበት ሰው እንዲህ ነው፣ አለ ዘውገ በሆዱ።

ሰብሌ ግን አንድም ቀን አረጋን ስታማ አልተሰማችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀምጣለች። ዘውገን ያስፈራውም ይኸው ዝምታዋ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ክሩ ለማን ነው?» አላት።

«ለአረጋ።»

ዘውገ ቀኑን አሰላ። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ ሆቴሎቹ ዓሣ መፈለጋቸው አይቀርም። «እንግዲያው አሥር ኪሎ የሚችለውን ልስጥሽ።»

«አርባውን ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ አርባው እኮ...»

«አውቃለሁ። እንዳይበጠስ ነው የምፈልገው።» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ሁለት እጥፍ ቢሆን ስንት ይችላል?»

«ሰማንያ።»

«ይበቃል። አረጋ ስልሳ ሁለት ኪሎ ነው። ጤና ጣቢያ ሲመዝኑት አይቻለሁ።»

ዘውገ ክር የሚገዛ ሰው ዓሣውን ሲመዝን ያውቃል፤ አጥማጁን የሚመዝን ግን ገጥሞት አያውቅም።

«ጠንካራ ከሆነ የፈለግሽው፣ ገመድ አለ» አላት ሊያዘናጋት። «ዋጋውም ይቀላል።»

«ገመድማ ሰው ያየዋል።»

«አረጋን ከደሳለ ሞት ወዲህ ሲወርድ አይቼው አላውቅም» አለ ዘውገ።

«ከሰኞ ጀምሮ በየጧቱ ይወርዳል። እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ለምኜ ለምኜ ነው እሺ ያሰኘሁት።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን። ሰው አብሮት እንዲሄድ አይፈልግም።»

«መንጠቆስ?»

«እሱ ይቅርብኝ። ባለ ቀለበት ሚስማር ካለዎት አሥራ ሁለት ይጨምሩልኝ።» ከዚያም ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ለማን እንደገዛሁ ለሰው እንዳይነግሩብኝ። በእመቤታችን።»

ዘውገ ሚስማሩን ቆጠረላትና ክሩን ላምጣ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ፖሊስ ይጥራ? ምን ብሎ? ሴትዮዋ ክር ገዛች ብሎ? አልሸጥም ቢላት ወልድያ ወርዳ ትገዛለች።

ሁለቱ ጥቅል ክሮች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው። አርባው ወፈር ይላል፤ ያልለመደ ሰው ግን አንዱን ብቻ አይቶ አይለይም። ዘውገ ከአርባው ላይ ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠና አሥሩ ላይ ለጠፈው።

አንድ ሰው በእኔ ክር ሞቷል፣ ሁለተኛ አይሞትም አለ።

ሰብሌ ወረቀቱን አነበበች። የክሩን ጫፍ በሁለት እጇ ጠምጥማ ሳብ አደረገችው። ክሩ መዳፏን ሰረሰራት እንጂ አልተበጠሰም።

«መሞከሬን አይቀየሙኝ» አለችው። «እዚህ ከተማ የማያታልል ነጋዴ እርስዎ ብቻ እንደሆኑ አውቃለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘውገ ጧፍ አበራ። ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ጭንቀት ቀለል አለለት፤ ደስ አለው። አረጋ ብቻውን ከግቢው ግንብ ጋር ተጣብቆ ቆሞ ነበር፤ ሰው ሁሉ በአጠገቡ እያለፈ ይወጣል። ዘውገም ቀስ ብሎ በፊቱ አለፈ። አረጋ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

አትርፌሃለሁ፣ አታውቅም እንጂ፣ አለው በሆዱ።

ሰኞ ጧት ሰብሌ ወደ ጠበሉ በሚያወርደው የገደል መንገድ አፍ ላይ ቆመች፤ ጠርዙ ላይ ካሉት ወይራዎች ጋር በአሥራ ሁለቱ ሚስማር የወጠረችውን ድርብ ክር፣ የአረጋን እጅ ይዛ አስጨበጠችውና፣ «ዐይንህ እስኪመለስልህ፣ ሰው ሳያውቅብህ በዚህ ውረድ፤ ሳትፈራ ተደገፈው» አለችው።