ኮቱ ይገለጥ፣ አይገለጥ

የቦሼ ባል ጦና ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ደርቦ ወደ ሶዶ ገበያ ሲወጣ ግራ ጎኑ አብጦ ነበር።

ቦሼ አየችና ሽጉጥ መሰላት። ጦና ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ከተጣላ ወር ሆኖታል፤ «አሳየዋለሁ» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። መስቀል ሊደርስ ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀረው። የቅርጫው በሬ ተገዝቷል። ባሏ ሽጉጥ ደብቆ ቢያዝና ቢታሰር በዓሉ ምን በዓል ይሆናል? እግር በእግር ተከተለችው።

ገበያው መግቢያ ላይ ፖሊሱ ፍሬዘር ጦናን አስቆመው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ያበጠው ምንድን ነው?»

«ጎኔ ነው።»

«እስቲ ጎንዎን ይግለጡልኝ።»

ቦሼ መሐል ገባች። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ሬዲዮ ግን ቤቷ አለ። «ሕገ መንግሥቱ ሰው ዝም ብሎ አይበረበርም ይላል። ትእዛዝ አምጣ፣ የኔ ልጅ። ያለዚያ ኮቱን ብትነካ እኔን ነካህ።»

ገበያው ሳቀ። ፍሬዘርም እልህ ይዞት፣ የመፈተሻ ትእዛዝ ሊያወጣ ባልና ሚስቱን ፍርድ ቤት ወሰዳቸው።

«ክብርት ዳኛ» አለ፣ «ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ጎኑ አብጧል። ኮቱን የመሣሪያ ዘይት ነክቶታል። ውሻ እንኳ ባሩድ ሸትቶት ከገበያ እዚህ ድረስ ተከትሎናል።»

ዳኛዋ ጦናን «ምን ይላሉ?» አሉት። ጦና በመስኮት ከገባችው ፀሐይ ሸሸት ብሎ ላቡን ጠረገ። «ክብርት ዳኛ፣ ብቻ ይፍጠንልኝ።»

ቦሼ «አለቀልን፣ ሽጉጥ ነው» ብላ በልቧ አለቀሰች። በአፏ ግን፦ «ክብርት ዳኛ፣ ያበጠ ሁሉ ሽጉጥ ከሆነ እኔም ታጥቄያለሁ፤ ይኸው ሆዴ። እዚያ የተቀመጡት ዐቃቤ ሕግማ መድፍ ይዘዋል።»

ዐቃቤ ሕጉ ቦርጫቸውን በፋይል ሸፈኑ። ዳኛዋ ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት።

ከዚያ ትእዛዙ ተነበበ። አዋጁ ያለ ፈቃድ መታጠቅን ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ሰው በዘፈቀደ እንዳይፈተሽ ይጠብቀዋል። ማበጥ፣ መወዛትና ውሻ ማስከተል በቂ ምክንያት አይደሉም። ኮቱ አይገለጥም፤ ሰውየው ይሂድ።

ቦሼ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰፈር እስኪደርሱ ለባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ሕገ መንግሥት አስተማረችው። ጦና ገና ከባጃጁ ሲወርድ «መጣሁ» ብሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። እሷም፣ ሽጉጡን ይቅበረው፣ እሰየው ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ለነጻው ባሏ የቡላ ገንፎ ልትሠራለት አሰበች። በሰፈሩ ሴቶች የቅቤ ማኅበር ዓመት ሙሉ ካጠራቀመችው የመስቀል ቅቤ ዛሬ አንድ ማንኪያ ቢነካ ማን ይቆጣል? ማሰሮውን ከፈተች።

ከላይ አንድ ጣት ቅቤ፤ ከዚያ በታች እስከ ቂጡ የተፈጨ ጎደሬ።