ካፖርቱና ስሱ ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ እናት የስሱን ቀሚስ የመጨረሻ ቁልፍ እየሰፋች ነበር። ወፍራሙ ካፖርት አልቆ ወንበሩ ላይ ታጥፏል። ወንድ ልጇ የሚኖረው ብርዳማው ተራራ ላይ፣ ሴት ልጇ ደግሞ ሞቃታማው ሐይቅ ዳር ነው፤ ሁለቱም ሰው የሚመኘው ሰፈር። ዛሬ የመጡት ከማን ጋር እንደምትኖር ሊወስኑ ነበር። «እኔ ጋ ትኑር» ብለው ሲጣሉባት ላለማዳላት ብላ ለብርዱም ለሙቀቱም የምትለብሰውን ሰፍታ ጠበቀቻቸው።

«የሐይቁ ሰፈር እኮ ለጉልበቷ ይስማማታል» አለ ወንድ ልጇ። «ሜዳ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለበትም። ሐኪም ቤቱም ደጃፍሽ ላይ ነው።»

«ኧረ ተወኝ፣ በሙቀት ታልቃለች» አለች እህቱ። «አንተ ጋ አየሩ ራሱ መድኃኒት ነው። ጎረቤቱ ጨዋ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ።»

«ጸጥታው እኮ ነው ችግሩ። አንቺ ጋ ብትሆን ደጅ ተቀምጣ እንኳን ሰው ታያለች።»

የእናትየው መርፌ ቆመ። መጀመሪያ የተምታታባቸው መስሏት ነበር፤ እያንዳንዳቸው የሚያወድሱት የሌላውን ሰፈር ነው። ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። አልተምታታባቸውም።

ቁልፉን ሰፍታ ጨረሰችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ተመስገን፤ ሁለታችሁም ደህና ቦታ ናችሁ» አለች። ከዚያ ምላጭ አነሳች፣ ካፖርቱን ገለበጠችና ከብብቱ ጀምራ ትተረትረው ገባች።

«እማዬ፣ ምን ሆነ ደግሞ?» አለች ልጅቷ።

«ጠቦኛል» አለች እናት፣ አንድም ቀን ሳትለብሰው።