የስምንት ሰከንድ ሰላምታ

ይመኙሻልን ስድስት ዓመት ሙሉ ያንገበገባት የሰላምታ ሕግ ነው። የከተማው ሰው ጊዜውን በወሬ እንዳይጨርስ ተብሎ ሁሉም እጁ ላይ አምባር ታሰረለት። ሰላምታ ከስምንት ሰከንድ ካለፈ አምባሩ ይጮሃል፤ ካልተለያዩም ጩኸቱ አይቆምም።

«ስምንት ሰከንድ የልጆችን ደህንነት ለመጠየቅ እንኳ አይበቃ!» ትላለች ይመኙሻል። ደግሞስ የደሴ ሰው ችግሩን የሚያወጣው ሦስቴ ካመሰገነ በኋላ አይደል? ጎረቤቷ ዘሀራ ገና ሁለተኛው «አልሐምዱሊላህ» ላይ ስትደርስ አምባሩ ይጮህና ሁለቱም ወደየቤታቸው ይሮጣሉ።

ዛሬ ጠዋት ግን ዘሀራ ደጃፏ ላይ ምስር ስትለቅም ይመኙሻል አየቻት። ምስሩን ትጥላለች፤ ጠጠሩን ድስት ውስጥ ትጨምራለች።

«አንቺ፣ ባልሽን ጠጠር ልታበዪው ነው?»

ዘሀራ ደነገጠች። «እንዴት አደርሽ ይመኙ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ…»

አምባሮቹ ጮኹ።

ይመኙሻል ከዘሀራ ጓዳ ቢላ አምጥታ ሁለቱንም አምባር ቆረጠችና የውሃ በርሜል ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች።

«በይ፣ ሦስተኛውን አመስግኚና ንገሪኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘሀራ። «ብቻ ዓይኔ…»

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ገና የግራ ዓይኗን ነገር መጨረሳቸው ነበር። የቀኙን፣ ይመኙሻል ክንዷን ይዛት ሐኪም ቤት እስኪደርሱ በመንገድ አወሩት።