ትንሿ ክፍል

«ልጅ ያዘገየነው ትምህርቷን እስክትጨርስ ብለን ነው» ይል ነበር ባሏ ለእናቱ፤ እሷ ደግሞ «የራሳችን ቤት ይኑረን ብለን ነው» ትላቸው ነበር። ትምህርቱም ካለቀ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ከገቡም ስድስት ዓመት አለፈ።

ያን ቀን ለጉልበታቸው ሕክምና የመጡት አማቷ አጭሯ ሶፋ ላይ ሊተኙ ሲያመቻቹ፣ ባዶዋን ትንሽ ክፍል አሳየቻቸው።

«ውይ ልጄ! ጌታው ሲወለድ ‹አሮጊት ክፍሌን ወረሰችብኝ› ቢለኝስ?» አሉ እየሳቁ።

ባሏ ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ዝም እንድትል በዓይኑ ተማጸናት። ልጅ ስለ መውለድ ያማከሩት ሐኪም ጠዋት ለባልና ሚስቱ «በጣም ዘግይታችኋል፤ ከእንግዲህ አይሆንም» ብሏቸው ነበር። አማቷ እግራቸውን ማጠፍ አቅቷቸው ሲያቃስቱ ሰማች። ትራሳቸውን ከሶፋው አነሳችና የትንሿን ክፍል በር ወለል አድርጋ ከፈተች።

«እማዬ፣ የሚመጣ ልጅ የለም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚተኙት እርስዎ ነዎት።»